ደብረ ብርሃን ላይ ያኮረፈች ቮልስ

ደብረ ብርሃንን በኅዳርና በታኅሣሥ የሚያውቃት ያውቃታል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው። በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖና በጫጫ አድርጋችሁ ትደርሱባታላችሁ። ብርዷ ግን የሌላ አገር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ስለሆነች ነፋሱን "ወዴት?" የሚለው የለም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ያደረ እንደሆነ ጠዋት ሣሩን ውርጭ አልብሶት ታገኙታላችሁ። ብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚህ መተከሉ፣ አረቄዋም ስመ ጥር መሆኑ እኔን አይደንቀኝም። አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከውስጥ ያሞቃል።

ሰውስ ጋቢውን ይደርባል፤ ውጪ ያደረች አሮጌ መኪናስ? ባትሪ ሲቀዘቅዝ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ማታ ደህና የነበረው ጠዋት ግማሽ ሰው ይሆናል። የሞተሩ ዘይት ይወፍርና ሞተሪኖው ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያ ጉልበት ደግሞ የሚመጣው ከዚያው ከደከመው ባትሪ ነው። በዚህ ላይ አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ደጋ ሲወጣ ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ቤንዚን ይለቃል። አዲሶቹ መኪኖች ይህን ሁሉ በኮምፒዩተር ያመዛዝኑታል። የአባቶቻችን መኪና ኮምፒዩተሯ ሾፌሩ ነው።

"አሮጌ መኪና ምን ያደርግልናል?" የምትሉ ካላችሁ ቆይ ጠብቁኝ። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ካለው ፋብሪካ የወጣችው በፈረንጅ 2003 ነው፤ የእኛ ከተማ ቮልሶች ግን አሁንም ዳገት ይወጣሉ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን አሮጌ መንከባከብ ግድ ሆኗል። ቮልስ ገዝቶ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ ሙዚቃ አስገጥሞ የሚንሸራሸር ወጣት ሞልቷል። አልነሳ ስትለው ሞተር ፍለጋ የፊቱን ክዳን የሚከፍትም አይቻለሁ! (የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው ጎበዝ።)

ወደ ደብረ ብርሃን ልመልሳችሁ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ወደ ደብረ ሲና እየሄድን ነበር። ቮልሷ ከአባቱ የወረሳት፣ በፈረንጅ 1970 የተሠራች ናት። ከኋላ ወንበር እናቱ ተቀምጠዋል። እናት የሚያውቁት እህታቸው በጠና መታመማቸውን ብቻ ነው። እህትየው ግን ያን ዕለት ከቀትር በኋላ አርፈዋል። ቀብሩ በማግሥቱ ስድስት ሰዓት ነው። መርዶ በወጋችን መንገድ ላይ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ባለበት ነው። ጓደኛዬን ደግሞ በልጅነቱ ያሳደጉት እኚሁ አክስቱ ናቸው። እንግዲህ እሱ እንባውን ውጦ ይነዳል፤ እናት "ቀስ በል ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ?" ይሉታል። መሸብንና ደብረ ብርሃን አደርን። የጣርማ በርን ጉም በሌሊት በቮልስ መጋፈጥ ጀግንነት አይደለም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁልፉን ሲያዞር ቮልሷ "ኧ... ኧ... ኧ..." አለችና ዝም። ደገመ፤ "ጠቅ" ብቻ። ነዳጅ መስጫውን ደጋግሞ ረገጠው፤ ወዲያው የቤንዚን ሽታ አካባቢውን ሞላው።

መኪና አልነሳ ሲል በአገራችን መካኒክ ያልሆነ ሰው የለም። አንዱ "ካንዴላ ነው" ይላል፣ ሌላው "ፖምፓው ነው" ይላል፣ ሦስተኛው ምንም ሳይል መግፋት ይጀምራል። ገፋናት። ቁልፉ ተከፍቶ፣ ማርሹ ሁለተኛ ላይ ሆኖ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ ፍጥነት ስታገኝ ለቀቅ። ደንቡ ይኸው ነው። ሜዳው ግን አላገዘንም። ሁለቴ አስነጠሰችና ቆመች። "በሚኒባስ እንሂድ" አልኩት በጆሮው። ራሱን ነቀነቀ። የእናቱ ጉልበት ሚኒባስ መውጣት አይችልም። ደግሞስ በደብረ ሲና ሚኒባስ ውስጥ አንድ የአገር ሰው አይቷቸው "እግዜር ያጥናዎት" ቢላቸውስ?

በመጨረሻ ጋቢ የደረቡ፣ እጃቸው በዘይት የጠቆረ አንድ አዛውንት መካኒክ መጡ። ጓደኛዬ ወደ ጎን ወስዶ ጉዳዩን ነገራቸው። ሰውየው ፊታቸውን ሳይለውጡ ወደ እናት ዞር ብለው፣ "እመቤት፣ ባትሪው እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ሥር ነው፤ እስኪ ቡና ቤት ገብተው ትኩስ ሻይ ይጠጡ" አሏቸው። ውሸት አይደለም። የቮልስ ባትሪ የኋላ ወንበር ሥር ነው።

የጋሼን አሠራር የወደድኩት መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት መጠየቃቸውን ነው። "ሞተሪኖው ይዞራል ወይስ አይዞርም?" ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ይለያል። ሞተሪኖው ካልዞረ ወይም እያቃሰተ ከዞረ ጥፋቱን ባትሪና ገመድ ላይ ፈልጉ። በደንብ እየዞረ ሞተሩ ካልተነሳ ደግሞ የጎደለው ወይ እሳት ነው፣ ወይ ቤንዚን ነው፣ ወይ አየር ነው። መብራት አስበሩና ቁልፉን አስዞሩ፤ መብራቱ ሊጠፋ ደረሰ። ወንበሩን ሲያነሱት የባትሪው ጫፎች ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሰዋል። ከቡና ቤቱ የፈላ ውሃ አስመጥተው አጠቡት፣ ፍቀው አጠበቁት። በዚያው የባትሪው መሸፈኛ አለመኖሩን አዩና ተቆጡ። የወንበሩ ሽቦ ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ ሁለቱን ጫፍ ቢነካ ወንበሩ በእሳት ይያያዛል! ከምንጣፉ ላይ አንድ ቁራጭ ጎማ ቆርጠው ከለሉት። ቮልስ ያላችሁ ዛሬውኑ ወንበራችሁን አንስታችሁ እዩ።

አሁን ሞተሪኖው ትንሽ ተነቃቃ፤ ሞተሩ ግን እምቢ። ካንዴላዎቹን ሲፈቷቸው ርሰው ጠቁረዋል። ቤንዚን አፍኗታል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ነዳጅ መስጫውን ደጋግሞ መርገጥ እሳት ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። መድኃኒቱ እስከ ወለሉ ረግጦ፣ ሳያነሱ፣ ቁልፉን ማዞር ነው፤ የገባው አየር ትርፉን ቤንዚን ይጠርገዋል። ቀጥሎ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አነሱ። ውስጡ ጤዛ! ፑንቲናው ደግሞ ተቃጥሎ ጎርብጧል። ክዳኑን በደረቅ ጨርቅ ወለወሉ፣ ፑንቲናውን በብርጭቆ ወረቀት አሹት። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ጋሼ የለኩት ግን በሲጋራ ፓኮ ቁራጭ ነው። ከዚያ ቤንዚኑ እስኪተን ጠብቀው እሳቱን ፈተኑት። ቢጫና ደካማ የነበረው ሰማያዊ ሆኖ "ጣ!" አለ።

ባትሪው ግን በሙከራ ብዛት አልቋል። አንድ የአይሱዙ ሾፌር "ከእኔ ውሰዱ" አለ። ጋሼ እጃቸውን አወናጨፉ። የእሱ 24 ቮልት ነው፣ ቮልሷ 12። (ከዚህች ከሚቀድሙት የድሮ ቮልሶች ብዙዎቹ ደግሞ 6 ቮልት ናቸው፤ እነሱን ከ12 ማገናኘትም ጣጣ ነው።) አንድ ሚኒባስ ለመንን። ረዳቱ ወርዶ ጓደኛዬን ሲያየው ፊቱ ተለወጠ፤ "አንተ... የእትዬ..." ብሎ ሲጀምር እናት ከቡና ቤቱ በር ላይ ቆመው ያያሉ። ጋሼ በመሀል ገብተው "ገመዱን ያዝ አንተ! ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ!" ብለው ጮኹበት። ኔጋቲቩን መጨረሻ ላይ፣ ከባትሪው ራቅ አድርገው፣ ባዶ ብረት ላይ አሲያዙት። ባትሪ ጋዝ ስለሚያወጣ የመጨረሻዋ ብልጭታ እዚያ መሆን የለባትም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳች። ያን የቮልስ ድምፅ እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም። ጋሼ መቶ ብር ተቀብለው፣ "ከዋሻው በኋላ በፎሌ እንዳትወርዱ፤ ሁለተኛ ማርሽ ያዙ" አሉን።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ ገና አልተነሳም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን በሞተር ኃይል ታቅፈን ወረድን። ደብረ ሲና ስትቀርብ ብርዱ ይለቃችኋል፣ ቆሎ የያዙ ልጆች መስኮት ላይ ይረባረባሉ። እናት ለእህታቸው ቆሎ ገዙ። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ቤቱ ጋ ስንደርስ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ደጁን ሞልተውታል።

ከሰልስቱ በኋላ እናት ለልጃቸው እንዲህ አሉት፤ "ደብረ ብርሃን ላይ አውቄያለሁ። መኪና እምቢ ያለው ሰው ይሳደባል እንጂ ዓይኑ አይቀላም።" ቆሎውንስ ለምን ገዙ? አልጠየቃቸውም።

አዲስ አበባ እንደገባን ሱማሌ ተራ ሄደን አዲስ ፑንቲናና ኮንዴንሰር ገዛን። ሁለቱ አብረው ነው የሚለወጡት፤ ኮንዴንሰሩ ሲሞት ፑንቲናውን ያቃጥለዋልና። ቮልሷ ዛሬም አለች። ወደ ደጋ ሲወጣ ጓደኛዬ ማታ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት አዙሮ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አድርጎ፣ ሞተሯ ላይ ያረጀ ብርድ ልብስ ጣል ያደርግባታል። ጠዋት ከማስነሳቱ በፊት ብርድ ልብሱን ያነሳል።