የገለልተኛ አቶሞች ዕድሜና ሥራ

በመርካቶ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ ሲባል ተመሳሳይ ዕቃ በአንድ ስፍራ መደርደሩን ያመለክታል። ስለ ገለልተኛ አቶሞች ኮምፒዩተር ስጠየቅ የምጀምረው ከዚሁ «ተራ» ከሚለው ቃል ነው። በሌዘር የቀዘቀዙ የሩቢዲየም ወይም የሲዚየም አቶሞች «የብርሃን ወረንጦ» በሚባሉ ጠባብ የሌዘር ነጥቦች አንድ በአንድ ይያዛሉ። ግማሽ ያህሉ ወረንጦ ባዶ ስለሚቀር፣ ካሜራ የሞላውን ከባዶው ይለያል፤ ተንቀሳቃሽ ወረንጦም አቶሞቹን አንሥቶ ጉድለት የሌለበት ተራ ይሠራል።

አቶሙ ኤሌክትሪካዊ ሙል ስለሌለው ጎረቤቱን እምብዛም አይሰማም። መረጃው የሚቀመጠው በዝቅተኛው የጉልበት ደረጃ ባሉ ሁለት የሀይፐርፋይን ሁኔታዎች ነው፤ በሩቢዲየም 87 ልዩነታቸው 6.8 ጊጋኸርዝ ያህል ሲሆን፣ የሩቢዲየም ሰዓት የሚቆጥረውም ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች 6,100 ያህል የሲዚየም አቶሞችን ይዘው፣ የኳንተም ሁኔታቸው 12.6 ሰከንድ ያህል ሳይበላሽ እንደሚቆይ አሳትመዋል።

ይህንን በመርካቶ ለሚነግዱት አባቴ ባስረዳቸው፣ «ከማንም የማይነካካ ከሆነ በምን ይገበያያል?» አሉኝ። የመስኩ ዋና ጥያቄም ይኸው ነው። አቶሞቹ እንዲነካኩ ሌዘር ኤሌክትሮኑን ለአፍታ ወደ ሪድበርግ ሁኔታ ያወጣዋል፤ አቶሙ በሺዎች እጥፍ ይሰፋና ጥቂት ማይክሮሜትር ርቆ ያለው ጎረቤቱ አብሮት እንዳይወጣ ያግደዋል። ድርጊቱ ከአንድ ማይክሮሰከንድ በታች ይፈጃል። በዚያች ቅጽበት ግን ገለልተኛነት የሰጠው ከለላ ይነሣል፤ የኤሌክትሪክ መስክም፣ የሌዘር መዋዠቅም ያገኘዋል። የሃርቫርድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳተመው የሁለት ኪዩቢት ጌት ትክክለኛነት 99.5 በመቶ ነው፤ ከ200 ጌት አንዱ ይሳሳታል እንደማለት ነው። በ12.6 ሰከንድ ውስጥ ሚሊዮኖች ጌቶች ይገቡ ነበር።

ስለዚህ የዕድሜ ቁጥር ብቻውን ሲወደስ ስሰማ እጠራጠራለሁ፤ የሚለካው አቶሙ በመጋዘን ሳለ ነውና። የማስተርስ ጽሑፌን በዕድሜው ላይ ሳይሆን በጌቱ ላይ ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው። የሌዘር ላቦራቶሪ የለኝም፤ ደግነቱ ሁለት አቶሞች በሦስት በሦስት ሁኔታ ሲታሰቡ ዘጠኝ ደረጃ ብቻ ስላላቸው ላፕቶፕ ይበቃል፤ መብራት ካልጠፋ። የሌዘሩ ምት ሲረዝም አቶሙ በሪድበርግ ሁኔታ ሳለ የመውደቅ ዕድሉ ይጨምራል፤ ምቱ ሲያጥር ደግሞ የጎረቤቱ እገዳ ይላላል። የምት ቅርጾችን እየለዋወጥሁ የሁለቱ ስሕተቶች ድምር እጅግ የሚያንስበትን አሁንም እየፈለግሁ ነው።