ጣውላውን ያነሳንበት ቀን

መንገድ ሰውን ያስተምራል ይባላል። እኛን ግን ከመንገዱ ይልቅ መኪናችንን የሸጥንበት ቀን የበለጠ አስተምሮናል።

የምንኖረው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ነው። አሮጌዋን ቮልስዋገን ትራንስፖርተር ስንገዛት ከሾፌሩ ወንበር በስተኋላ ባዶ የሆነች የዕቃ ማመላለሻ ነበረች። ወለሏን በጣውላ አለበስን፤ የሚታጠፍ አልጋ፣ ከሥሩ የልብስ ሳጥን፣ በበሩ በኩል የጋዝ ምድጃና የውሃ ጀሪካን አበጀንላት። አየር እንዲገባም ጣሪያዋን በገዛ እጃችን ቀደን መስኮት ገጠምን።

እ.ኤ.አ. በ2019 በትምህርት ቤት ዕረፍት ፈረንሳይን አቋርጠን እስከ ስፔን፣ ኮርዶባ ድረስ ተጓዝንባት። በ785 መሠራት የጀመረው ታላቁ መስጊድ፣ ከተማይቱ በ1236 በካስቲል ንጉሥ እጅ ከገባች ወዲህ ካቴድራል ነው። ከ800 የሚበልጡት ዓምዶቹ ግን ዛሬም ቀይና ነጭ ቅስቶቻቸውን ተሸክመው ቆመዋል። ከዓምዶቹ ብዙዎቹ ከቀደሙ የሮማውያን ሕንፃዎች የተወሰዱ መሆናቸውን ስንነግራት ትንሿ ልጃችን፣ «እንደኛ መኪና ከተገኘው ነገር ነው የተሠራው ማለት ነው» ብላ አሳቀችን። ማታ ከከተማው ውጪ ከአገር ቤት የመጣ ሽሮ ሠርተን በላን፤ ሌሊቱንም ተጠጋግተን አደርን።

ልጆቹ አድገው አልጋው ሲጠባቸው ባለፈው ዓመት ልንሸጣት ወሰንን፤ ዋጋዋንም 6,000 ዩሮ አልን። ለገዢ ልናጸዳት አንዱን ጣውላ ብናነሳ ከሥሩ ጠቁሮ በስብሷል፤ ብረቱንም ዝገት በልቶታል። ለካስ በጣሪያው መስኮት ዳር ዝናብ ሲንጠባጠብ ኖሯል። በየሁለት ዓመቱ የሚደረገውን የቴክኒክ ምርመራ አልፋ ነበር፤ መርማሪ ግን ጣውላ አያነሳም። ትልቁ ልጃችን፣ «አባዬ፣ መልሰን ብንሸፍነው ማን ያያል?» አለ። ቶሎ አልመለስንለትም፤ ያው ሐሳብ በእኛም ልብ አልፎ ነበርና።

በጀርመን ሕግ ግለሰብ ሻጭ ከዋስትና ነፃ የሚያደርገውን ውል መፈራረም ይችላል፤ እያወቀ የደበቀውን ጉድለት ግን ውሉ አይሸፍንለትም። ለእኛ ደግሞ ከዚህ የሚቀድም አለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሻጩ እርጥቡን ሰው በሚያየው በላይ በኩል ሊያደርገው ይገባ እንደነበር አስተምረዋል። የእኛም እህል ከሥሩ ረጥቧል።

ሊገዛ የመጣው ሞሮኳዊ አባወራ ነበር። በየዓመቱ ቤተሰቡን ይዞ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ እስከ አልጀሲራስ ወደብ ይወርዳል፤ ከዚያም በመርከብ ወደ አገሩ ይሻገራል። ሻይ ከማቅረባችን በፊት ጣውላውን አነሳንለት። ተንበርክኮ ዝገቱን በቁልፍ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረገና ብዙ ዝም አለ። በመጨረሻ ወለሉን አስበይዶ ሊጠቀምባት ወስኖ 4,300 ዩሮ ከፈለ።

እንዲህ ያለ መኪና ለምትሠሩ ወይም ለምትገዙ ወገኖች፦ ጣውላ ከመነጠፉ በፊት ዝገቱ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ፤ የተቀደደ ጣሪያ በየዓመቱ ይፈተሽ፤ ገዢም «ወለሉ ይነሳልኝ» ለማለት አይፈር።

የጎደለው 1,700 ዩሮ ለእኛ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ቁልፉን ያስረከበው ግን ትልቁ ልጃችን ነው፤ የጣሪያው መስኮት በየት በኩል እንደሚያፈስም ለገዢው ያሳየው እሱ ነው። አልሐምዱሊላህ።