ከሐረር የተመለስንበት ዕቅድ



ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሱብሒን ሰግደን የተሳፈርንበት አውቶቡስ አዋሽን አልፎ የጨርጨርን ተራሮች ሲያያዝ፣ መንገደኛው ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላው ያወጋ ነበር። እኛ ግን ዝም ብለናል። ጉዟችን የሽርሽር አልነበረም። አንዲት እናት ፊት ቀርበን «የተስማማንበትን መለወጥ እንፈልጋለን» ልንል ነበር የምንሄደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ባልና ሚስት ከመምህርነት ሥራችን ጎን ለጎን ለቤታችን ድጎማ የሚሆን ሐላል ገቢ ስንፈልግ፣ የሐረርን የእጅ ስፌት አምጥተን አዲስ አበባ ለመሸጥ አሰብን። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ከገዛ እጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናልና፣ በእጅ ሥራ ለሚተዳደር ሰው ገበያ መፈለግም በጎ ሥራ መስሎ ታየን። በወዳጆቻችን አማካይነት ከሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ጋር ስፌት የሚሰፉ አንዲት ሐጃ አገኘን። በየሦስት ወሩ አራት ትልልቅ ባለ ክዳን መሶቦች ሊሠሩልን፣ እኛም ልንረከባቸው በቃል ተስማማን።

ዕቅዳችን ወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ሠርግ የደገሰ ሁሉ መሶብ የሚገዛ መስሎን ነበር። ዘጠኝ ወር ሲሞላ ግን ከተረከብናቸው 12 መሶቦች የተሸጡት ሦስት ብቻ ሆኑ። የቀሩት ዘጠኙ መኝታ ክፍላችንን ሞሉት። ያየ ሁሉ «ማሻአላህ! እንዴት ያምራል!» ይላል፤ ከዚያም «ግን የት እናስቀምጠዋለን?» ብሎ ይሄዳል። እውነቱን ነው። የኮንዶሚኒየምና የኪራይ ቤት ኑሮ ለትልቅ መሶብ ቦታ የለውም። በአንጻሩ ሐጃ በምራቂ መልክ የላኩልን አምስት ትንንሽ ሙዳዮች ለተምር ማስቀመጫ ተብለው ረመዳን ሳይገባ አለቁ። ጠያቂው ግን አላለቀም።

ስለዚህ አዲስ ዕቅድ አወጣን። ትልቁ ይቁም፣ ሁሉም ትንንሽ ይሁን፣ ዋጋውም እንደ ስፋቱ ይቆረጥ አልን። ለአራተኛው ዙር የተጀመሩት አራት መሶቦች ምን ይሁኑ የሚለውን ግን አንሥተን አልተነጋገርንበትም። በልባችን ሐጃ ራሳቸው «ግዴለም፣ ተዉት» እንዲሉን ተመኝተን ነበር።

ሐረር ደርሰን ወደ ጀጎል ገባን። ግንቡን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት ይነገራል። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው በውስጡ 82 መስጊዶች እንዳሉ ጠቅሷል። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚያወርደው መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ደንበኛው ጨርቁን ይዞ እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ ሳይለኩ አይቆርጡም። እኛ ግን ገበያውን ሳንለካ ነበር የቆረጥነው።

የሐጃ ቤት እንደ ሐረሪ ቤት ወግ ነው። ጫማችንን አውልቀን ቀይ ቀለም ከተቀባው መደብ፣ እነርሱ «ነደባ» ከሚሉት፣ ላይ ተቀመጥን። ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል። ገሚሱ ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ ገሚሱን በልጅነታቸው «ሞያ ጋር» ሳሉ የሰፉት ነው። ሞያ ጋር ማለት የሞያ ቤት ማለት ሲሆን፣ ልጃገረዶች ከአንዲት ባለሞያ ሴት ዘንድ ተሰብስበው ስፌት የሚማሩበት ቤት ነው። ከጥጉ ደግሞ የእኛዎቹ አራቱ ተደርድረዋል። አንዱ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ሦስቱ ገና መቀመጫቸው ብቻ ተሰፍቷል። ሐጃ ቡና እያስቀረቡ፣ በዚህ ዙር ገንዘብ የታናሿን ልጃቸውን የትምህርት ክፍያ ሊከፍሉ እንዳሰቡ ነገሩን።

እንደ ምንም ብለን ስለ ሙዳዮቹና ስለ ዋጋው አወራን። ሐጃ አልተቆጡም። ወስፌና ሳር አቀበሉንና «እስቲ ጀምሩት» አሉን። በየተራ ሞከርን። መሃሉ ሳሩ በጣም ተጠማዞ፣ ጠብቆ የሚያዝበት ቦታ ነው፤ የእኛው ተንጋደደ። ልጆቹ ሳቁብን።

«ልጆቼ» አሉ ሐጃ፣ «አንድ መሶብ አንድ መጀመሪያ አለው። አሥር ሙዳይ አሥር መጀመሪያ አለው። እናንተ በስንዝር ለክታችሁ ነው ዋጋ የቆረጣችሁ።»

አፈርን። ያን ጊዜ የደበቅነውንም አወጣን። «ሐጃ፣ እነዚህን አራቱን ላለመውሰድ በልባችን አስበን ነበር የመጣነው፤ አውፍ ይበሉን» አልናቸው። መልስ አልሰጡንም። የዐስር አዛን ሲሰማ ተነሥተን ሰገድን።

ከሰላት በኋላ ከተጀመሩት አንዱን አንሥተው አሳዩን። «ስፌት በደረሰበት ዙር ላይ ጠርዙ ሊዘጋ ይችላል» አሉ። «መሶብ ሊሆን የተጀመረው የግድግዳ ጌጥ ይሆናል። መሃሉ የተጣመመ እንደሆነ ግን ጠርዝ አያቀናውም፤ ከሥሩ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል።»

በዚያው ተስማማን። ሊያልቅ የተቃረበውን መሶብ በድሮው ዋጋ ልንረከብ፣ ሦስቱ ጠርዛቸው ተዘግቶ ለፈሰሰባቸው ድካም ልንከፍል፣ የሙዳይ ዋጋ በስፋቱ ሳይሆን በሚፈጀው ቀን እንዲታሰብ፣ የመጀመሪያው ትእዛዝ አሥር ብቻ ሆኖ ግማሹ ክፍያ እንዲቀድም ተነጋገርን። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ በሱረቱል በቀራህ ውስጥ የሚገኘው፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ምስክር እንደሚናገር ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ አስተምረናል! ራሳችን ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ በቃል ብቻ ስንሠራ ኖረናል። በዚያ ምሽት ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎች ተጠርተው ውሉ በሁለት ቅጂ ተጻፈ። የልጅቷ ክፍያም ሳይጓደል ተከፈለ። ለዚህ ስንል የራሳችንን አንድ ጉዳይ ለሌላ ዓመት አስተላለፍን።

ዘጠኙን መሶቦች «መልሰን እንስጥ» አላልንም። ሐጃ የሚገባቸውን ሠርተዋል፤ የተሳሳትነው እኛ ነን። ዓመቱ ሲያልቅ አምስቱ በቅናሽ ተሸጡ፤ አራቱ ዛሬም ቤታችን ናቸው። ሙዳዮቹና የግድግዳ ጌጦቹ ግን አልሐምዱሊላህ መንገዳቸውን ይዘዋል።

እናንተ የእጅ ሥራ ንግድ ለመጀመር የምታስቡ ወጣቶች! የመጀመሪያው ዓመት ዕቅድ መለወጡ አይቀርም፤ መለወጡም ነውር የለውም። በጥቂቱ ጀምሩ፤ የተሸጠውንና የተመለሰውን በደብተር ያዙ፤ በየሦስት ወሩ ተቀምጣችሁ ተመካከሩ። ዕቅዱን ስትለውጡ ግን ወስፌውን ከያዘው ሰው ጋር ሆናችሁ ለውጡ እንጂ በእርሱ ኪሳራ አትለውጡ። ምእመናን ውላቸውን እንዲሞሉ አላህ (ሱ.ወ.) አዟል። የተገባው ቃል መሃሉ ነው፤ ዕቅዱ ጠርዙ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሲሳያችንን ሐላል ያድርግልን፣ በረካውንም ይጨምርልን። አሚን።