የጉንችሬ ጓሮ

ከወልቂጤ ተነሥተን በእምድብር በኩል ጉንችሬ ገባን። ጉንችሬ የእነሞርና ኤነር ወረዳ ከተማ ናት። ከከተማው ወጥተን ወደ አንድ መንደር በእግራችን ሄድን።

ጉራጌ አገር ያላያችሁ አንባቢዎች ትኖራላችሁ። መንደሩ እንዲህ ነው። ቤቶቹ ፊት ለፊት ተሠርተዋል። በመካከላቸው ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ አለ። ጀፎሮ ይባላል። ከብት ይግጥበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ሠርግና ለቅሶም እዚያው ነው። የቤቱ ሀብት ግን ከጓሮ ነው።

ከምናስተምራቸው እናቶች አንዷ «ኑ ልጆቼ፣ ጓሮዬን እዩ» አሉን። በልጉ ዘግይቷል። በማሳው ላይ የበቆሎው ቅጠል ተጠቅልሏል። ጓሮው ውስጥ ግን አየሩ ቀዝቃዛ ነው። አፈሩን በእጃችን ዘገንን። እርጥብ ነው።

«ለምን አልደረቀም፣ እማማ?» አልናቸው።

«ቅጠሉ ነዋ!» አሉን።

ከላይ ዋንዛና ቆርች አለ። ከሥሩ እንሰት አለ። ከእንሰቱ ሥር ቡናና ጌሾ፣ በትንንሾቹ እንሰት መካከል ደግሞ ጎመን አለ። ፀሐይ አፈሩን በቀጥታ አትመታውም። የረገፈው ቅጠል መሬቱን እንደ ጋቢ ያለብሰዋል። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ቅጠሉ ጉልበቱን ይሰብረዋል፤ አፈሩ አይታጠብም። የከብቱም ፍግ እንሰቱ ሥር ይገባል። እኛ ተማሪዎች ነን ብለን ልንመክራቸው ነበር የሄድነው!

በቆሎ በሚያብብበት ጊዜ ዝናብ ካጣ የዓመቱ ልፋት ጠፋ ማለት ነው። እንሰት ግን ግንዱ ውስጥ ውኃ ይይዛል። ዕድገቱ ይዘገያል እንጂ ቆሞ ይጠብቃል። ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በየዓመቱ ይተከላል። ትልቁ ሲፋቅ ትንሹ ይከተላል። ቆጮውም ጉድጓድ ውስጥ ለብዙ ወር ይቆያል። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ወሎና ትግራይ ክፉኛ ሲጎዱ፣ እንሰት አብቃዩ አገር የተሻለ ችሎ ነበር።

ይሁን እንጂ ድርቁ ከተደጋገመ ትንሹም እንሰት ሳይደርስ ይነቀላል። ያን ጊዜ የከርሞው ምግብ ተበላ ማለት ነው። አጠውልግ የሚባል በሽታም አለ። የታመመውን የነካ ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛውን መንካት የለበትም።

የሴትዮዋ ልጅ መጣ። የባሕር ዛፍ ችግኝ ታቅፏል። ከጓሮው ግማሹን ሊተክልበት ነው።

«ገንዘብ ያመጣል እኮ» አለን። አልተሳሳተም። ባሕር ዛፍ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የስንቱን ቤት ሠርቷል!

እናቱ እጃችንን ይዘው ወደ ድንበሩ ወሰዱን። የጎረቤት ባሕር ዛፍ አለ። አጠገቡ ያለው እንሰት ቀጭን ነው፤ ቅጠሉ ገርጥቷል። ቆጠርን። እስከ አራተኛው ረድፍ ድረስ እንደዚያው ነው። የባሕር ዛፍ ሥር ሩቅ ሄዶ ውኃ ይጠጣል።

«ታዲያ የልጆቼን ደብተር በምን ልግዛ፣ እማዬ?» አለ ልጁ።

እኛ ዝም አልን። መልስ አልነበረንም።

«ቡና ጨምር። አቦካዶ ትከል» አሉት።

«እሱ እስኪያፈራ ሦስት አራት ዓመት ነው!»

«ባሕር ዛፉስ ነገ ይሸጣል እንዴ? ከፈለግህ ላይኛው ድንጋያማ መሬት አለልህ።»

«ሩቅ ነው። ማን ይጠብቀዋል?»

ማታ ተሰናብተን ስንወጣ ችግኙ ከዋንዛው ጥላ ሥር ተቀምጧል። ውኃ ተርከፍክፎበታል። አልተተከለም። ልጁ ዶማውን ይዞ ድንጋያማውን መሬት ሊያይ ወጥቷል።