«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች»

ይህ ተረት ከእርሱ በላይ የሚያውቀውን ላስተምር ለሚል ደፋር የሚነገር ነው። እኔም የመጀመሪያ ልጄን ባረገዝሁ ጊዜ ምጥ ቀኑ ሲደርስ በራሱ የሚመጣ እንጂ ቀድመው የሚማሩት ነገር አይመስለኝም ነበር። ለማንም ያልነገርሁት ፍርሃት ግን ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር።

ለክትትል በምሄድበት ጤና ጣቢያ አንዲት አዋላጅ ነርስ ተራ የምንጠብቀውን ነፍሰ ጡሮች ታስተምረን ነበር። የመጀመሪያ ምጥ ረዘም ሊል እንደሚችል፣ በምጥና በምጥ መካከል ዕረፍት እንዳለ፣ በዚያ ዕረፍት ተረጋግቶ መተንፈስ ኃይል እንደሚቆጥብ የሰማሁት ከእርሷ ነው። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ እግር ሴት «ካቃተኝስ?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም የፈራነው ይህንኑ ነበርና ዝም አልን። «ሲከብድሽ ንገሪን፤ እኛ የተቀመጥነው ለዚያ ነው» አለቻት።

ቀጥላም ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የደም መፍሰስ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ የታየባት ሴት ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ እንድትመጣ አስጠነቀቀችን።

በስምንተኛው ወር አንድ ማለዳ ራሴን ፈለጠኝ፤ ዓይኔም ብዥ አለብኝ። 5 ልጆች የወለደችው እናቴ «የቡና ሐራራ ነው፤ ቆይ ላፍላልሽ» አለች። ለእናቴ ምጥ ማስተማር አሳፈረኝ። ሆኖም የነርሷ ቃል ትዝ ሲለኝ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ደም ግፊቴ ሲለካ 160 በ110 ሆኖ ተገኘ። ይህ በእርግዝና ሳቢያ የሚመጣ፣ ችላ ቢባል እናቲቱን ለመንቀጥቀጥ የሚዳርግ፣ ለእርሷም ለልጇም ሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ነው። በዚያው ቀን ሆስፒታል ተኛሁ፤ በመድኃኒት ርዳታም አማጥሁ።

ትምህርቱ ሕመሙን አላስቀረልኝም፤ ጮኼአለሁ፤ አልቅሻለሁም። ነገር ግን የሚደረግልኝን እየጠየቅሁ፣ የሚመጣውን እያወቅሁ ሴት ልጄን በሰላም ተገላገልሁ። እናቴ ገንፎውን እያቀረበችልኝ «ለካስ ልጅም ለእናቷ ምጥ ታስተምራለች!» አለችና ሁለታችንም ሳቅን።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ፣ የመጀመሪያውም በ12 ሳምንት ውስጥ እንዲሆን ይመክራል። ሠራተኛዋ እናት «ጊዜ የለኝም» እንዳትል በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእርግዝና ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣታል፤ የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ ብቻ ይጠበቅባታል።

እንግዲህ እኅቶቼ፣ ለክትትል ስትሄዱ ተመዝናችሁና ተለክታችሁ ብቻ አትመለሱ። ጠይቁ። የሰማችሁትንም ለባሎቻችሁና ለእናቶቻችሁ ንገሩ፤ ያን ማለዳ ቤት ውስጥ አብረዋችሁ የሚገኙት እነርሱ ናቸውና።