ከሩዋይስ ፍርስራሽ እስከ ገዳማችን በር



በዚህ እትም የምንተርክላችሁን ስፍራ በእግራችን አልረገጥነውም። ሩዋይስ ይባላል፤ ከቀይ ባሕር ማዶ በጅዳ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። በዐቢይ ጾም ለጸበል መጥታ ሱባዔ የያዘች አንዲት እኅታችን በዚያ ሰፈር ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። ከሠርክ ጸሎት በኋላ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጣ ስትነግረን ሰንብታ፣ መንገዱን የምናውቀው እስኪመስለን ደረስን።

ሩዋይስ ከአሮጌው ከተማ በስተ ሰሜን ነው። ቀድሞ ከቅጥሩ ውጭ ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረ፤ ቅጥሩ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ከፈረሰ በኋላ ከተማው ሰፍቶ ዋጠው። ጅዳ ለመካ በር ናት፤ በባሕር ለሐጅ የሚመጣው ሁሉ የሚወርደው በእርሷ ነበር። መንገደኛ በሚመላለስበት ደጅ የሚኖር ሰው ጠባይ ምን እንደሚመስል እኛም ከዚህ ሆነን እናውቃለን፤ ብዙ ፊት ያያል፣ ጥቂቱን ብቻ ያስታውሳል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ከተማይቱ አሮጌ ሰፈሮቿን በስፋት አፈረሰች። እኅታችን እንዳለችው፣ ሰዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ ድመቶቹና ውሾቹ ቀሩ። ከፍርስራሹ መካከል አንዲት ቡላ ውሻ አገኘች፤ የቤቱን ትርፍራፊ እያወጣች ታበላት ጀመር። ውሻዪቱ አትጮኽም፣ ጭራዋን አትቆላም፤ ምግቡን የምትበላው ሰው ዞር ሲል ብቻ ነበር። ስሟን «ዝምታ» አለቻት። የቤቱ እመቤት አልተቆጣችም፤ «ከደጅ እንዳታልፍ» ብቻ አለች።

ኮንትራቷ ሲያልቅ ግን ጭንቅ መጣ። በዚያ አገር ውሻ በቤት ማሳደር ለብዙዎች የሚከብድ ነገር ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በጅዳና በመካ ውሻና ድመት መሸጥ እስከ መከልከል ተደርሶ ነበር። ሆኖም ሁለት ሰዎች ሊያዩዋት መጡ። አንደኛው ለልጆቹ የምትጫወት ውሻ ፈልጎ ነበርና እጁን ሲዘረጋ ከውኃው በርሜል ኋላ ተሸሸገችበት። ሁለተኛው አፏጨ፣ ጠራት፣ በመጨረሻም «ይህች በሽተኛ ናት» ብሎ ሄደ።

ሦስተኛው ከከተማው ውጭ የዕቃ ማከማቻ የሚጠብቅ፣ ከወሎ የሄደ ሙስሊም ሽማግሌ ነበር። አልጠራትም፤ ዓይኗንም አላየም። ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ፣ ዳቦ ቆርሶ አንዱን ቁራሽ ከጎኑ አኖረ፣ ከእኅታችንም ጋር ስለ አገሩ ዝናብ አወጋ። በሚቀጥለው ዓርብ ተመለሰ፤ እንዲሁ አደረገ። በአራተኛው ዓርብ ውሻዪቱ መጥታ ቁራሹን ከጎኑ አነሣች፤ እርሱ ግን ወሬውን አላቋረጠም።

«አጎቴ፣ በሃይማኖትህ አይከለክልህም?» ብላ ጠየቀችው። ለጥበቃና ለከብት እንደሚፈቀድ ነገራት፤ ደግሞም በእነርሱ ትውፊት በጫማዋ ውኃ ቀድታ የተጠማ ውሻ ያጠጣች ኃጢአተኛ ሴት ምሕረት ማግኘቷን ተረከላት። እኅታችን ደነገጠች። እመቤታችን በወርቅ ጫማዋ የተጠማውን ውሻ ማጠጣቷን ከልጅነቷ ጀምሮ በደብሯ ግድግዳ ላይ ተሥሎ ስታየው ኖራለችና። ይህንኑ ብትነግረው ሽማግሌው ሳቀና «ያንቺ የወርቅ ነው፣ የኛ ተራ ጫማ ነው፤ ውሻው ግን ያው የተጠማ ነው» አላት። እኛም ይህን ስንሰማ ፈገግ አልን፤ ትርጓሜ ልንጨምርበት ግን አልደፈርንም።

እውነቱን ለመናገር፣ እኛ ከውሻ ጋር ፍቅር የለንም። በተማሪነታችን አኩፋዳ አንግተን «በእንተ ስማ ለማርያም» ስንል ከየደጁ የተቀበለን ውሻ ነው፤ በግራ ባታችን ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ አንዲት ጥቁር ውሻ ከበራችን ውጭ መዋል ስትጀምር በመቋሚያችን ያባረርናት እኛው ነን። ውሻ ወደ ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ሥርዓታችን ነው፤ አይለወጥም። ነገር ግን እርሷ አንድም ቀን ከበሩ አላለፈችም። እኛ ያባረርናት ከወይራው ሥር ነበር። ጦቢያ ከመልአኩ ጋር ሲጓዝ ውሻው እንደ ተከተለው በመጽሐፈ ጦቢት ያነበብን ሰዎች ይህን ማድረጋችን ያሳፍረናል።

እኅታችን ከሱባዔዋ ስትወጣ በየማለዳው ከወይራው አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥ ጀመር። በአሥራ አንደኛው ቀን ውሻዪቱ ቀረበች። በማግሥቱ መቋሚያችንን ከበሩ አስደግፈን እኛም ተቀመጥን፤ ወደ እኛ ግን እስከ አሁን አልመጣችም።

ከፋሲካ በኋላ እኅታችን ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች፤ እነርሱ ያሉት በከተማ በኪራይ ቤት ስለ ሆነ ውሻዪቱን ልትወስዳት አትችልም። እንግዲህ ከእናንተ መካከል ቅጥር ግቢ ወይም በጎች ያሉት ሰው እንፈልጋለን። የወረዳው የእንስሳት ሐኪም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሰጥቷታል፤ ወረቀቱ በመጋቢው ዘንድ አለ። ሕፃናት ለሚበዙበት ቤት አትሆንም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሰንሰለት አትሰሯት፤ ጥግ ስጧት፣ ውኃዋን አኑሩና ሂዱ። ልታዩዋት የምትመጡ ከቅዳሴ በኋላ በምሥራቁ በር ውጡና ከወይራው ሥር ተቀመጡ። አትጥሯት። ዳቦ ይዛችሁ ኑ።