ጉንፋን

አባታችን፥ ነፍሳቸውን ይማርልንና፥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። 30 ዓመት ያህል በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ተክለው፥ የጽሕፈት መኪናቸውን ከፊታቸው አኑረው፥ የባልና የሚስትን ጠብ፥ የወንድማማቾችን የውርስ ክርክር፥ አሳዳጊ የሌላቸውን ልጆች አቤቱታ ሲጽፉ ኖሩ። በላፍቶ ባለችው ቤታችን ማታ ራት ቀርቦ ስንቀመጥ ግን ከዚያ ሁሉ የሰው ጉድ አንዲት ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። እናታችን አንዳንድ ጊዜ፥ «የዚያች የጎረቤታችን ነገር እንዴት ሆነ?» ብለው ቢጠይቋቸው፥ «ወረቀቱ የእርሷ ነው፤ የእኔ መኪናው ብቻ ነው» ይሉና ወጡን ማመስገን ይጀምሩ ነበር።

ይህን አስቀድሜ መናገሬ፥ ቀጥሎ የምተርከው ነገር የደረሰው ምስጢር መጠበቅ በማያውቅ ቤት እንዳልሆነ አንባቢ እንዲረዳልኝ ብዬ ነው።

ታላቅ ወንድሜ በ1998 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሜሪላንድ ይኖራል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ሲፈላ ይደውልልን ነበርና፥ ስልኩ ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጥ ነበር። የምንነጋገረው ስለ ጤፍ ዋጋ፥ ስላገባውና ስለ ወለደው፥ ስለ ጎረቤት ግንብ ነበር። ወንድሜ የፖለቲካ ሰው አይደለም። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. ክረምት በዋሽንግተን በተደረገ ሰልፍ ላይ ተገኝቶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ነበርና፥ ከዚያ ወዲህ «በእኔ ምክንያት እናንተን ያገኟችሁ ይሆን?» የሚል ፍርሃት ገባው።

ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አልነበረም። እርሱ በሚኖርበት በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፥ በመዝገብ ላይ «ኪዳኔ» በሚል የተሰወረ ስም ተጠርቶ፥ በየካቲት 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ፍርድ ቤት ከስሶ ነበር። ክሱ እንደሚለው፥ በኢሜይል ተያይዞ የመጣ ጽሑፍ በተከፈተ ጊዜ ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ፕሮግራም ከኮምፒዩተሩ ውስጥ ገባ፤ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 2005 ዓ.ም. ድረስም ሰውዬው በስካይፕ የተነጋገረውን ሲቀዳ፥ የቤተ ሰቡንም ጽሑፍ ሲገለብጥ ቆየ። ልጁ ለዘጠነኛ ክፍል የታሪክ ትምህርት ብሎ ያደረገው ፍለጋ እንኳ አልቀረም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፥ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ ስላልሆነ የውጭ መንግሥትን በዚህ ልዳኝ አልችልም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ነገሩ ተደርጓል ወይስ አልተደረገም የሚለው ጥያቄ በችሎት ሳይመረመር ቀረ።

እንደ እናቴ ላሉት የዚህን መሣሪያ አሠራር ሳስረዳ በደብዳቤ እመስለዋለሁ። ደብዳቤ በሰም ታሽጎ ሲላክ መንገደኛው ውስጡን አያነብም፤ ዛሬ በስልክ የምንልካቸው ብዙዎቹ መልእክቶች እንዲሁ ታሽገው ይሄዳሉ። ይህ ፕሮግራም ግን ማኅተሙን አይነካም፤ ከጸሐፊው ትከሻ ኋላ ቆሞ ገና ሲጻፍ ያነባል። ሌላው መንገድ ከዚህም ይቀላል። ደብዳቤውን ሳይከፍቱ የፖስታውን ጀርባ ብቻ መመዝገብ ነው፤ ይኸውም ማን ለማን፥ መቼ፥ ከየት እንደ ደወለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት ከ100 በላይ ሰዎችን አነጋግሮ በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፥ በአገራችን የጸጥታ ሠራተኞች የሰውን የጥሪ ዝርዝር ያለ ችግር ያገኙ እንደ ነበር፥ በምርመራ ጊዜም የተቀዳ ንግግር ያሰሙ እንደ ነበር፥ ከውጭ አገር የተደወለ ቁጥርም ለጥርጣሬ ምክንያት ይሆን እንደ ነበር ጽፏል። በ2007 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ሀኪንግ ቲም የተባለው የኢጣልያ የስለላ ፕሮግራም ነጋዴ ራሱ ተዘርፎ 400 ጊጋባይት ያህል ምስጢሩ በአደባባይ ተበተነ፤ ከደንበኞቹም መካከል የእኛው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ስም ተገኘ። ለካ ጆሮ ጠቢም ጆሮ ጠቢ አለው!

ሕጉስ ምን ይል ነበር? ሕግ የአባታችን እርሻ ስለ ነበረ በዚህ ላይ ብዙ ይናገሩ ነበር። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ፥ በሕግ ከተወሰነው በቀር የሰውን ደብዳቤ ምስጢር ማንም እንዳይደፍር ከልክሎ ነበር። የ1987ቱም ሕገ መንግሥት፥ ቁጥሩ ያለ ቀጠሮ ገጥሞ፥ በዚያው በ26ኛው አንቀጽ በፖስታ፥ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይደነግጋል። ከዚህ በኋላ ግን በሮቹ አንድ በአንድ ተበጁ። የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ቁጥር 652 የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት በፍርድ ቤት ፈቃድ ስልክንና ኢንተርኔትን እንዲጠልፍ ሥልጣን ሰጠ። የ2008ቱ የኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958 ደግሞ አስቸኳይ ሲሆን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ፈቃድ መጥለፍ እንዲጀመር፥ ምክንያቱም በ48 ሰዓት ውስጥ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲቀርብ ፈቀደ። አባታችን ነጋሪት ጋዜጣውን ገዝተው «48 ሰዓት» ከሚለው ሥር በቀይ እርሳስ አሰመሩና፥ «የሰውን ቤት ገመና ለመስማት 48 ደቂቃም ይበቃል» አሉ። መንግሥት ወንጀለኛን አይከታተል የሚል ሰው አልነበሩም፤ በፍርድ ቤት ደጃፍ ኖረው ወንጀለኛ ምን እንደሚያደርግ ያውቁ ነበር። የከፋቸው ፈቃዱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ፤ በውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ቴሌቪዥኖችን መመልከትም ተከለከለ። ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው፤ በግቢያችን ጥግ ከግንብና ከቆርቆሮ ተርፎ የቀረ አንድ ግራር ነበርና፥ በዚያ ወራት አባታችን ቁም ነገር ሲኖር ስልኮቻችንን ሰብስበው መሶብ ውስጥ ይከድኑና ከዛፉ ሥር ያስቀምጡን ነበር። እናታችን፥ «እንጀራዬ የስልክ ሽታ ያዘ» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር።

ወንድሜ ያን ጊዜ፥ «በስልክ ስም አንጥራ፤ ነገሩን በሌላ ቃል እንሸፍነው» ብሎ ለመነ። አባታችንም የዕድሜ ልክ ሙያቸው ቃል ነበረና ደስ እያላቸው በጽሕፈት መኪናቸው አንድ ዝርዝር ጻፉ፤ ቅጂውም በመንገደኛ እጅ ለወንድሜ ተላከ። እስራት «ጉንፋን» ሆነ፤ ፖሊስ ጣቢያ «ሐኪም ቤት»፤ ዋስትና «መድኃኒት»፤ የቤት ፍተሻ «እንግዳ»። የከተማውን ሁከት አስቀድመው «ዝናብ» ብለውት ነበር፤ በበጋ ዝናብ ዘነበ ብንል ሰሚው ይጠረጥራል ብለው በኋላ «ውርጭ» አደረጉት። እናታችን አንድ ጊዜ ተነበበላቸው። «እኔ ከወለድሁት ልጅ ጋር በጣዖት ቋንቋ አልነጋገርም» ብለው ወደ ማድ ቤት ገቡ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ አባታችን ሳል ጀመራቸው፤ ሳሉም ወደ ሳምባ ምች ተለወጠ። ሐሙስ ሌሊት ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። እሑድ ታኅሣሥ 9 ቀን እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ፥ ልብስ ለመለወጥ ቤት ለገቡት ለእናታችን ወንድሜ ደወለላቸው።

«አባትህን ጉንፋን ይዟቸዋል» አሉት።

ወንድሜ ዝም አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ብርቱ ነው?» አላቸው።

«ብርቱ ነው እንጂ። ሐሙስ ሌሊት ሐኪም ቤት ወሰድናቸው።»

«መድኃኒትስ?»

«ሰጥተዋቸዋል፤ ገና አልያዘላቸውም።»

«እኔ መደወሉን ለጊዜው ብተወው ይሻል ይሆን?»

እናታችን የልጃቸውን ኪስ አሰቡለት፤ ደግሞም ወደ በሽተኛው ሊመላለሱ ነውና፥ «እንደ ተመቸህ ልጄ፤ እኛም ከእንግዲህ ቤት አንገኝም» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ 19 ቀን አልደወለም።

እኔ ይህን አላወቅሁም። እናታችን «ነግሬዋለሁ» ስላሉኝ፥ ዝምታውን ከልብ ድንዳኔ ቈጥሬ ተቈጣሁ። አባታችን እሑድ በሆነ ቁጥር፥ «ደወለ?» ይሉ ነበር፤ እኔም «መስመሩ ተበላሽቷል» እያልሁ እዋሻቸው ነበር። በአሥረኛው ቀን ግን ከቤት ወደ ውጭ እንዳንደውል የተማማልነውን ጥሼ፥ «አባባ ታመዋል፤ እባክህ ደውል» የሚል መልእክት ሰደድሁለት። ወንድሜ ይህን ባነበበ ጊዜ ያሰበውን በኋላ ነገረኝ፦ «ዝርዝሩን የምታውቅ እኅቴ እንደዚህ በግልጥ ጽፋ ደውል አትለኝም፤ እንግዲያስ ስልኳ በሌላ ሰው እጅ ነው» ብሎ መልእክቱን አጠፋው።

አባታችን በገና ዋዜማ ሌሊት ዐረፉ።

በሜሪላንድ ያሉ የማኅበር ወንድሞች እንደ አገራችን ልማድ በማለዳ መርዶ ሊነግሩት ሄደው በሩን አንኳኩ። ከፍቶ ነጠላ የለበሱትን ሽማግሌዎች ባየ ጊዜ ፊቱ በራና፥ «ተፈቱ?» አላቸው።

ያን እሑድ የእናቴንና የወንድሜን ንግግር ማንም ሰምቶት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ማንም አልሰማም ይሆናል፤ የአንዲት አሮጊትና የልጇን ወሬ ማን ጉዳዬ ብሎ ይቀዳል? ነገር ግን አለ ብለን የፈራነው ጆሮ፥ ቢኖርም ባይኖርም፥ ሥራውን ሠራ፤ እኛው በእጃችን አገዝነው። ዝርዝሩን የጻፈው ባለ ሥልጣን አልነበረም። ደግሞ ያለ ምክንያት አልጻፍነውም፤ የኪዳኔ ኮምፒዩተር ተረት አልነበረም። ወንድሜን ልወቅሰው ስነሣ ይህ ይታወሰኛል፤ መንግሥትን ብቻ ልወቅስ ስነሣ ደግሞ መሶቡ ይታወሰኛል።

ወንድሜ ሸክሙን ለንስሐ አባታችን በስልክ ሊናዘዝ ጀምሮ ነበር። እርሳቸው ግን፥ «ልጄ፥ በመካከላችን ሦስተኛ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ስትመጣ ትነግረኛለህ» ብለው አቋረጡት። እስኪመጣ ድረስ ሁለት ዓመት ይዞት ቆየ። በ2011 ዓ.ም. ጥር መጣና ከመቃብሩ አጠገብ ሲቀመጥ ዋለ፤ ወደ ንስሐ አባታችንም ገባ። የተነጋገሩትን አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋውጧል። ያ የፀረ ሽብር ዐዋጅ በ2012 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ፤ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321ም በ2016 ዓ.ም. ወጣ። አባታችን ቢኖሩ ሁለቱንም ገዝተው ቀይ እርሳሳቸውን ይፈልጉ ነበር። ዝርዝሩን ያገኘሁት በዳዊታቸው ውስጥ ታጥፎ ነው፤ «ጉንፋን» ከሚለው ቃል ትይዩ በእጅ ጽሑፋቸው ትንሽ የጥያቄ ምልክት አድርገውበታል። ቃሉ አልተስማማቸውም ይሆናል፤ ሊለውጡት አስበው ይሆናል።

ዛሬ ወንድሜ እሑድ እሑድ ይደውላል፤ ስልኩም ወደ ረከቦቱ ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት እናታችን ድምፃቸው ጎርንኖ ሰማና፥ «ምን ሆነሻል እማዬ?» አላቸው። «ጉንፋን ይዞኛል» አሉት። በወዲያ በኩል ዝም ሲል ጊዜ ቶሎ ብለው፥ «የእውነቱን ነው ልጄ፤ አፍንጫዬን ነው!» አሉና፥ እንዲሰማላቸው ስልኩን አስጠግተው አነጠሱለት።